ስማቸውን የጣሉት ሙዚቀኞች፦ የላንከም ጉዳይ

በኦክቶበር 2016 አራት የደብሊን ሙዚቀኞች አጭር መግለጫ አወጡ። ከአሁን በኋላ በድሮ ስማችን አንሠራም አሉ። ነገሩ እንዲሁ ሲሰሙት ተራ ይመስላል፤ ባንድ ስም መቀየሩ ብርቅ አይደለም። ግን ጊዜውን ተመልከቱት። እነዚህ ልጆች ዓመታት በመጠጥ ቤት ጥግ ሲጫወቱ ኖረው፣ አልበም በራሳቸው ገንዘብ አሳትመው፣ ገና በ2015 ነበር በቢቢሲ የጁልስ ሆላንድ የቴሌቪዥን ሙዚቃ ፕሮግራም ላይ ታይተው ከአየርላንድ ውጪ ስማቸው መጠራት የጀመረው። ለዓመታት የተለፋበት ስም ፍሬ ማፍራት ሲጀምር ጣሉት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የጣሉት ስም "ሊንችድ" ነው። የያዙት "ላንከም"። ዛሬ የአየርላንድን ነባር ዘፈን ከዘመኑ ችግር ጋር አጋጥሞ የሚዘፍን ባንድ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው ይሄ ሁለተኛው ስም ነው። እኔ ይህን ጉዳይ የምጽፈው የስም ለውጡን እንደ ወሬ ለማውራት አይደለም። ከድሮው ስም ወደ አዲሱ የተሄደበት መንገድ የባንዱን ሥራ በሙሉ ያስረዳል ብዬ ስለማምን ነው።

ከሰዎቹ እንጀምር። ኢየን ሊንች እና ዳራ ሊንች ወንድማማቾች ናቸው። ከደብሊን የፐንክ ሰፈር የመጡ ናቸው፤ በ2000 አካባቢ ሁለት ሆነው ጀመሩ። ኢየን የአየርላንዱን ባግፓይፕ ይነፋል፣ ዳራ ጊታር ይመታል፣ ሁለቱም ይዘፍናሉ። ወደ 2012 ገደማ ሁለት ሰዎች ተቀላቀሏቸው። አንዱ ኮርማክ ማክ ዲየርማዳ ነው፤ ቫዮሊኑን የሚይዘው እሱ ነው። ሌላዋ ሬዲ ፒት ናት፤ ሃርሞኒየምና ኮንሰርቲና ትጫወታለች። ሃርሞኒየም በወናፍ አየር የሚሠራ ትንሽ ኦርጋን ነው። ኮንሰርቲና በሁለት እጅ መሀል የምትሳብና የምትጨመቅ ትንሽ አኮርዲዮን መሰል ናት። የሬዲ ድምፅ ግን ከመሣሪያዎቹ ሁሉ በላይ ነው። ያልተሞረደ፣ ያልተቀባባ፣ ፊት ለፊት የሚመጣ ድምፅ ነው። አንዴ ከሰማችሁት ከሌላ ሰው ጋር አይምታታባችሁም።

ሊንች የወንድማማቾቹ የአባት ስም ነው። በእንግሊዝኛ መጨረሻው ላይ አንዲት "ድ" ስትጨመርበት ሌላ ቃል ይወጣል። በመንጋ ተይዞ፣ ያለ ዳኛ፣ ያለ ምስክር ተሰቅሎ የተገደለ ማለት ነው። እኛ የደቦ ፍርድ የምንለው ዓይነት። ለሁለት የሊንች ልጆች ቃሉ አጠገባቸው ያለ ጨዋታ ነበር፤ በስማቸው ቀለዱበት፣ ተለመደ፣ ባንዱም በዚያው ቀጠለ።

እዚህ ጋ የራሴን ግምት ልናገር። የአየርላንድ ዘፈን ውስጥ ገመድ ሞልቷል። አማፂ ይሰቀላል፣ ሌባ ይሰቀላል፣ ድሃ ይሰቀላል፤ ዘፋኙ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከተሰቀለው ጋር ነው። ኢየን ራሱ ከጓደኞቹ ጋር በደብሊን የጀመሩት የዘፈን ምሽት ስሙን ያገኘው ላሪ የሚባል ሰው ሊሰቀል አንድ ሌሊት ሲቀረው ከሚተርክ አሮጌ የከተማ ዘፈን ነው። ስለዚህ በአይሪሽ ጆሮ "ሊንችድ" የሚለው ቃል "እኛ የተሰቀልነው" የሚል ስሜት ቢኖረው አይገርምም። ለዘመናት በቅኝ ግዛት የኖረ ሕዝብ ገመዱን በራሱ አንገት ላይ ነው የሚያስበው።

አሜሪካ ውስጥ ግን ይህ ቃል የአንድ የታወቀ ወንጀል ስም ነው። ኢኳል ጀስቲስ ኢኒሼቲቭ የተባለው የአላባማ ድርጅት ከ1877 እስከ 1950 ባለው ጊዜ ብቻ ከ4,400 በላይ ጥቁሮች በዚህ መንገድ መገደላቸውን መዝግቧል። ቃሉን ብዙዎች የሚያያይዙት ደግሞ በአሜሪካ አብዮት ዘመን ቨርጂኒያ ውስጥ ከነበረ ቻርልስ ሊንች ከሚባል ዳኛ ጋር ነው። ያው የአባት ስም መሆኑ ነው። በቤት ውስጥ ቀልድ የነበረ ነገር ውቅያኖስ ሲሻገር የሰው ደም ያለበት ሆኖ ተገኘ።

2016 ደግሞ ዝም ብሎ ዓመት አልነበረም። በጁላይ ወር፣ በአንድ ቀን ልዩነት፣ ኦልተን ስተርሊንግ እና ፊላንዶ ካስቲል የሚባሉ ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ሁለቱንም ዓለም በስልክ ቪዲዮ አየ። የባንዱ መግለጫ የወጣው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነበር፦ አሜሪካ ውስጥ በጥቁሮች ላይ የሚደርሰው ሥርዓት ያለው በደልና ግድያ እየቀጠለ በዚህ ስም መሥራት አንችልም።

አንድ ሰው "ስማቸው እኮ ነው፣ ሊንች ተብለው ነው የተወለዱት፣ ክፋት አላሰቡም" ሊል ይችላል። እውነቱን ነው፣ አላሰቡም። እኔ ውሳኔውን የማከብረው በዚሁ ምክንያት ነው። ክፉ ሳያስቡ ያደረጉትን ነገር፣ ሌላው ሰው በምን ጆሮ እንደሚሰማው አስበው ተውት። አስገድዶ ያስቀየራቸው ሕግ አልነበረም። ዘፈናቸውን ለማንም ብለው አላለዘቡም። በኋላ እንደምናየው ቋንቋቸው ጭራሽ ጠነከረ።

አሁን ወደ አዲሱ ስም። ለኔ የጉዳዩ ልብ ያለው እዚህ ነው።

ላንከም በአንድ በጣም አሮጌ ባላድ ውስጥ ያለ ገዳይ ነው። ባላድ ማለት ታሪክ የሚተርክ ዘፈን ነው። የሃርቫርዱ ፍራንሲስ ጀምስ ቻይልድ በ19ኛው መቶ ዘመን 305 የእንግሊዝና የስኮትላንድ ባላዶችን ሰብስቦ ቁጥር ሰጥቷቸዋል፤ ይህኛው ቁጥር 93 ነው። ስሙ ከአገር አገር፣ ከአፍ አፍ ይለያያል፤ ላምኪን ይሉታል፣ ሎንግ ላንኪን ይሉታል። ታሪኩ ግን ዘግናኝ ነው። ሰውየው ሌሊት ወደ ጌታው ቤት ይገባል፤ ሕፃኑን ይገድላል፤ እናትየዋን ይገድላል። ለምን? በብዙዎቹ ቅጂዎች ምክንያቱ ከመጀመሪያው ተነግሯል። ላንከም ግንበኛ ነው። ለጌታው ቤተ መንግሥት ሠራለት፤ ጌታው የድካሙን ዋጋ ከለከለው።

ዘፈኑ ገዳዩን አያጸድቅም። ግን ያልተከፈለውን ደመወዝም አይረሳም። የመቶ ዓመታት ዕድሜ ያለው ነገር በአንድ ስንኝ ውስጥ የጉልበት ብዝበዛንና ጭካኔን አብሮ ይዟል። "ዘመናዊ ማኅበራዊ ጭብጥ" እያልን ከውጪ አምጥተን የምንለጥፈው ነገር እኮ እዚያው ውስጥ ነበር።

እነሱ ስሙን የወሰዱት ግን ከቻይልድ መጽሐፍ አይደለም። ከጆን ራይሊ አፍ ነው። ራይሊ ከአየርላንድ ትራቭለርስ አንዱ ነው። ትራቭለርስ በሠረገላ ከቦታ ቦታ እየተንቀሳቀሱ፣ ቆርቆሮ እየጠገኑ፣ ፈረስ እየነገዱ የኖሩ፣ የራሳቸው ቋንቋና ልማድ ያላቸው አይሪሾች ናቸው። በ1960ዎቹ ቶም መነሊ የሚባል ዘፈን ሰብሳቢ ራይሊን ሮስኮመን አውራጃ ውስጥ ቦይል ከተማ አገኘውና ቀዳው። መጻፍ ማንበብ ያልቻለ ሰው ሆዱ ውስጥ ከሌሎች አፍ የጠፉ ባላዶች ተገኙ። አንዳንዶቹን ሊቃውንቱ ማንም አይዘፍናቸውም ብለው ያሰቡ ነበሩ። ክሪስቲ ሙርና ባንዱ ፕላንክስቲ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከራይሊ የተገኙ ዘፈኖችን ለመላው አገር አዳረሱ፤ የ1973ቱ አልበማቸው ስም ራሱ ከራይሊ የተገኘ ዘፈን ርዕስ ነው። ራይሊ ግን ያንን አላየም። በ1969 በድህነት ሞተ። ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበር።

ስለዚህ "ላንከም" ስትሉ ስም ብቻ አይደለም የምትጠሩት። የአገሩ ሀብት የሆነውን ዘፈን ይዞ ቤት ያልነበረውን ሰው ነው።

ትራቭለርስን አገራቸው እንዴት እንደያዘቻቸው ካላወቅን ደግሞ ምርጫው አይገባንም። በ1963 የወጣው የመንግሥት ኮሚሽን ሪፖርት እነሱን የተመለከታቸው እንደ "ችግር" ነው፤ መፍትሔው ከሌላው ጋር ማሟሟት ነበር። በ2010 የወጣ ትልቅ የጤና ጥናት የትራቭለር ወንዶች ዕድሜ ከሌላው አይሪሽ ወንድ በ15 ዓመት እንደሚያጥር አሳየ። አሥራ አምስት ዓመት፣ ያውም በአንድ ትንሽ ደሴት ላይ። በኦክቶበር 2015 ደቡብ ደብሊን ውስጥ በአንድ የትራቭለርስ ጊዜያዊ ሠፈር እሳት ተነስቶ 10 ሰው ሞተ፤ ሕፃናት ጭምር። የተረፉትን ቤተሰቦች ለማስፈር ቦታ ሲፈለግ የአካባቢው ነዋሪዎች ተቃወሙ። ባንዱ የትራቭለርን ዘፈን ስሙ ያደረገው ልክ ከዓመት በኋላ ነው። በማርች 2017 የአየርላንድ መንግሥት ትራቭለርስን እንደ አንድ ብሔረሰብ በይፋ ዕውቅና ሰጣቸው። ዛሬ በሕዝብ ቆጠራ ከ30 ሺህ በላይ ናቸው።

እነዚህን ቀኖች ጎን ለጎን የማስቀምጣቸው አንዱ ሌላውን አመጣው ለማለት አይደለም። አየሩ ምን እንደነበረ እንድታዩት ነው። ባንዱ አሜሪካ ውስጥ ስለሚገደሉ ጥቁሮች ብሎ ስሙን ጥሎ፣ በምትኩ በገዛ አገሩ የሚናቁትን ሰዎች ዘፈን አነሳ። ብዙ ሰው የሩቁን በደል ማውገዝ ይቀለዋል። በሩ ላይ ያለውን ማየት ነው የሚከብደው። እነሱ ሁለቱንም በአንድ እርምጃ አደረጉ።

በዓመቱ፣ በኦክቶበር 2017፣ ራፍ ትሬድ በሚባለው የለንደን አሳታሚ በኩል በአዲሱ ስም የመጀመሪያውን አልበም አወጡ። የመጀመሪያው ዘፈን ርዕስ "ገንዘብ ያጣን ቀን ምን እናደርጋለን?" የሚል ነው። የተማሩት ሜሪ ዴሌኒ ከምትባል ዓይነ ስውር የትራቭለር ዘፋኝ ቅጂ ነው፤ እሷን ደግሞ ሰብሳቢዎች የቀዷት በ1970ዎቹ ለንደን ውስጥ ነው። ሬዲ ፒት ስትዘፍነው ጌጥ የሚባል ነገር የለም። ዝም ብላ ትጠይቃለች። ገንዘብ ከሌለን ምን እናደርጋለን፣ ቤት ከሌለን ምን እናደርጋለን። በሠረገላ የኖረች ሴት የጠየቀችው ጥያቄ ዛሬ ደብሊን ውስጥ ኪራይ ሊከፍል ያልቻለ ወጣት አፍ ውስጥ ቢገባ አንድ ቃል መቀየር አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ የአገሩን ኢኮኖሚ ትንሽ ማንሳት ግድ ነው። አየርላንድ እስከ 2008 ድረስ የባንክና የቤት ግንባታ ሆይ ሆይታ ውስጥ ነበረች። ከዚያ ሁሉም በአንዴ ተናደ። በ2010 መጨረሻ መንግሥት የ85 ቢሊዮን ዩሮ የነፍስ አድን ፕሮግራም ውስጥ ገባ፣ ሥራ አጥነት 15 በመቶ ደረሰ፣ ወጣቱ እንደ አያቶቹ ሻንጣውን አነሳ። የባንዱ የ2014 አልበም ርዕስ የሆነው ዘፈን ያንን ቀዝቃዛ ከተማ ነው የሚያሳየው። በ2017ቱ ውስጥ ደግሞ "በአየርላንድ የተሠራ" የሚል ትርጉም ያለው በአይሪሽ ቋንቋ የተሰየመ ዘፈን አለ፤ ስለ ስደት ነው። ስደትን ለሚያውቅ አንባቢ ብዙ ማብራራት አይጠበቅብኝም።

በዚያው አልበም ያለ ሌላ ዘፈን አለ፣ "ዘ ግራናይት ጌዝ" የሚባል፣ የራሳቸው ድርሰት። ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ተባብረው በሴቶችና በሕፃናት ላይ ያደረጉትን ነው የሚያነሳው። ከጋብቻ ውጪ ያረገዙ ልጃገረዶች ወደ ተቋም ይላኩ ነበር። ሌሎቹ ማግደሊን በሚባሉ የመነኮሳት ልብስ ማጠቢያ ቤቶች ያለ ደመወዝ ይሠሩ ነበር፤ የመጨረሻው የተዘጋው በ1996 ነው። ቱዋም በምትባል ከተማ ካትሪን ኮርለስ የምትባል የአካባቢ ታሪክ አጥኚ በአንድ የእናቶችና ሕፃናት ማቆያ ውስጥ የሞቱ 796 ሕፃናትን የሞት ወረቀት አንድ በአንድ ሰበሰበች፤ የተቀበሩበት መዝገብ ግን አልተገኘም። በማርች 2017 መርማሪ ኮሚሽኑ በግቢው ውስጥ የሕፃናት አፅም መገኘቱን አረጋገጠ። ዘፈኑ የወጣው በዚያው ዓመት ነው። በ2018 በቢቢሲ ሬዲዮ 2 የፎክ ሽልማት የዓመቱ ምርጥ ወጥ ዘፈን ተባለ፤ ባንዱም ምርጥ ቡድን ተባለ።

ለኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ሌላ ዘፈን ነው። በ2019 የወጣው አልበም ውስጥ ያለው፣ "ሀንቲንግ ዘ ረን"። ትርጉሙ ረንን ማደን ነው። ረን በጣም ትንሽ ቡናማ ወፍ ናት። አየርላንድ ውስጥ በገና ማግስት፣ ዲሴምበር 26፣ ልጆች ይህችን ወፍ አድነው፣ ገድለው፣ እንጨት ላይ አስረው ቤት ለቤት እየዞሩ ይዘፍኑ ነበር። በራችን ላይ እንደሚመጡት የሆያ ሆዬ ልጆች ሳንቲም ይጠይቃሉ፤ ወፏን እንድንቀብር ስጡን ይላሉ። ዛሬ እውነተኛ ወፍ አይገደልም፣ በዓሉ ግን አለ።

ዘፈኑ ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ ወፏ ናት። ወርቁ ሴቶቹ ናቸው። በ19ኛው መቶ ዘመን ኪልዴር ውስጥ ከራ በሚባለው ሜዳ ላይ ትልቅ የእንግሊዝ ጦር ካምፕ ነበር። በካምፑ ዙሪያ፣ በእሾሃማ ቁጥቋጦ ሥር ጉድጓድ ምሰው፣ እዚያው ወልደው፣ እዚያው ታመው የሚኖሩ ሴቶች ነበሩ። ከየመንደሩ የተባረሩ ናቸው። አንዳንዷ ወታደር ወድዳ ተከትላ የመጣች ናት፣ አንዳንዷ ረሃብ ቤተሰቧን የበተነባት ናት። መጠለያቸው የወፍ ጎጆ ስለሚመስል ሰው "የከራ ረኖች" አላቸው። በ1867 ጀምስ ግሪንውድ የሚባል የለንደን ጋዜጠኛ ሄዶ አይቷቸው ጻፈ። የጎጆዎቹን ቁጥር ሳይቀር ዘገበ። የሚገርመው ሴቶቹ ያገኙትን ሳንቲም አንድ ላይ አድርገው ምግብ ይገዙ ነበር፣ ልጅ ያላት ስትወጣ ሌላዋ ልጇን ትይዝላት ነበር። ሱቅ የሚያባርራቸው፣ ቄስ የሚረግማቸው፣ ወታደር ሌሊት የሚፈልጋቸው ሴቶች የራሳቸውን ዕድር መሠረቱ ብል አላጋነንኩም።

ዘፈኑ ይህን ሁሉ አይዘረዝርም። ወፍ ይላል፣ ጎጆ ይላል፣ ድንጋይ ይላል፣ አደን ይላል። የማያውቅ ሰው የበዓል ዘፈን ሊመስለው ይችላል። ያወቀ ሰው ግን እያንዳንዱ ስንኝ ይከብደዋል። ሰልፍ ላይ የሚነበብ መፈክር የለበትም፤ የ2019 ሰሚም "ዛሬ ማንን ነው ከከተማ ውጪ ቁጥቋጦ ሥር ያስቀመጥነው?" ብሎ ራሱን መጠየቁ አይቀርም። እኔ እንደዚያ ነው የሰማሁት።

ድምፃቸውን ሳላነሳ ጉዳዩ አይሞላም። የአየርላንድ ባግፓይፕ እንደ ስኮትላንዱ በአፍ አይነፋም። በክንድ ሥር ወናፍ ይቀመጣል፣ ክርን ወናፉን እየተጫነ አየር ይሞላል። ዩኔስኮ በ2017 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። ከዜማው መንፊያ ጎን ድሮን የሚባሉ ሦስት ቱቦዎች አሉት፤ እነሱ አንድ ድምፅ ይዘው ሳይቋረጡ ከሥር ይጮሃሉ። ላንከም ያደረጉት ነገር ይህንን የሥር ድምፅ መሠረት ማድረግ ነው። ሃርሞኒየሙ ይጨመርበታል፣ ቫዮሊኑ ይጎተታል፣ ከፕሮዲውሰራቸው ጆን "ስፐድ" መርፊ ጋር ሆነው ድምፁን ያጠልቁታል፣ ያከብዱታል፤ ክፍሉ ራሱ የሚተነፍስ እስኪመስላችሁ። ከባድ ሜታል የሚወድ ሰው ይገባዋል። የ80 ዓመት የመንደር ዘፋኝም ይገባዋል ብዬ አስባለሁ፣ ምክንያቱም ድሮኑ ከውጪ አልመጣም፣ መሣሪያው ውስጥ የኖረ ነው።

ይህ ምን እንደሚያደርግ ለማየት "ዘ ዋይልድ ሮቨር" የሚለውን ዘፈን ውሰዱ። በየመጠጥ ቤቱ ብርጭቆ ተነስቶ፣ ጠረጴዛ እየተመታ፣ በእልልታ የሚዘፈን ነው። ግጥሙን ስታነቡት ግን ገንዘቡን በመጠጥ የጨረሰ፣ ባለ መጠጥ ቤቷ ዱቤ ከልክላ ያባረረችው፣ ከእንግዲህ ይብቃኝ የሚል ሰው ኑዛዜ ነው። ላንከም በ2019 አልበማቸው መክፈቻ ላይ አሥር ደቂቃ ያህል አስረዝመው፣ ቀስ አድርገው፣ ድሮኑን ከሥር እየጎተቱ ዘፈኑት። ጭብጨባው ሲወጣለት ሰውየው ታየ። ግጥሙ ያው የድሮው ነው፤ እኛ ነን ሳንሰማው የኖርነው።

አልበሙ የዓመቱ ምርጥ የአየርላንድ አልበም ተብሎ የቾይስ ሽልማትን ወሰደ። የ2023ቱም እንደገና ወሰደ። ያው የ2023ቱ ለእንግሊዙ ሜርኩሪ ሽልማት ከታጩት 12 አልበሞች አንዱ ነበር። ስም መቀየር ለገበያ አይበጅም የሚል ሰው ካለ፣ እንግዲህ ይኸው።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፣ ላልፈው አልችልም። ራይሊ በድህነት ሞተ። ዴሌኒ ታላላቅ መድረኮች ላይ አልቆመችም። ዘፈኖቻቸው ግን ዛሬ በትልልቅ አዳራሾች ትኬት ያሸጣሉ። ይህ ልክ ነው? ይህ ጥያቄ ለላንከም ብቻ አይደለም፤ የባህል ዜማ አንስቶ የሚሠራ ሁሉ፣ የኛም አገር ሙዚቀኛ ጭምር፣ ይመለከተዋል። የአዝማሪውን ዜማ "ሕዝብ" ብሎ መጻፍ እኛም አገር የተለመደ ነው። የላንከም መልስ ሙሉ ነው አልልም። ግን አንድ ነገር ያደርጋሉ፦ ከማን እንደተማሩ ይናገራሉ። አልበማቸው ላይ የዘፈኑን ምንጭ ይጽፋሉ። ኢየን የፎክሎር ትምህርት የተማረ ሰው ነው፣ አስተምሯልም፤ "ፋየር ድሮው ኒር" በሚል ፖድካስት የድሮ ዘፋኞችን ቅጂ ከማኅደር እያወጣ ያሰማል። ዘፋኙን በስሙ ይጠራል፣ ማን እንደነበረ ይናገራል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ድምፁን ይለቃል። ገንዘቡን አይመልስም፣ ስሙን ግን ይመልሳል። ስም ትልቅ ነገር መሆኑን የሚያውቅ ባንድ ነው።

ሌላው ነገር ቦታው ነው። ቅድም ያነሳሁት የኢየንና የጓደኞቹ የዘፈን ምሽት የሚካሄደው ኮብልስቶን በሚባል ስሚዝፊልድ አካባቢ ባለ የደብሊን መጠጥ ቤት ነው። ብዙ ወጣት የአገሩን ሙዚቃ የተማረው እዚያ ነው። በ2021 ቦታው ላይ ሆቴል ሊሠራ ዕቅድ ቀረበ። ሰው ወጣ፤ መሣሪያውን ይዞ፣ የሬሳ ሣጥን ተሸክሞ፣ የከተማው ባህል ሞተ እያለ በመንገድ ሄደ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር የከተማው ምክር ቤት ፈቃዱን ከለከለ። ይህን የማነሳው ስለ ቤት ኪራይ የሚዘፍኑ ሰዎች የሚዘፍኑበት ቤት ራሱ በዚያው ኃይል ሊወሰድ እንደነበር እንድታዩ ነው። ደብሊን ውስጥ ባህልና የመሬት ዋጋ ሁለት የተለያየ ወሬ አይደሉም።

የ2023ቱ አልበም ርዕስ "ፎልስ ላንከም" ነው። ራይሊ ባላዱን የጠራበት ስም፣ ሙሉውን። የሚገርመው ባላዱ ራሱ አልበሙ ውስጥ የለም። ስሙን ከወሰዱ ሰባት ዓመት ገደማ ሆኗቸው፣ ስሙን ሽፋኑ ላይ ጻፉት፣ ዘፈኑን ግን ለራይሊ ተዉለት።

ስለዚህ እነሱን መስማት ከፈለጋችሁ በእነሱ አትጀምሩ። ከሞተ በኋላ በታተመለት ቅጂ ላይ ጆን ራይሊን ስሙት። ጊታር የለም፣ ድሮን የለም። ትንሽ የሰለለ የወንድ ድምፅ ነው፣ አንዳንዴ ትንፋሽ ይወስዳል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ሬዲ ፒት ገንዘብ ያጣን ቀን ምን እናደርጋለን ስትል ስሟት።